የሚሟሸው ማጉያው ነው ወይስ ጆሯችን?

«ለአንዲት የብረት ሣጥን 950 ዶላር! ያውም ሦስት አምፖል ለተሰኩባት?» ያላለኝ ወዳጅ የለም። ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ነው ያመጣችው፤ «በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ልጅ ይማርበታል?» አለች። መቼም በስደት የሚኖር ሰው ኪስ ውስጥ የምትገባ እያንዳንዷ ዶላር ሁለት ባለቤት እንዳላት ታውቃላችሁ። ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚላከውን ሳልነካ፣ ለአምስት ወር የእሑድ ሌሊት ታክሲ ነድቼ ለብቻው አጠራቅሜ ገዛሁ። በዚህ የቤቱ ክርክር ረገበ እንጂ ጥያቄው አላለቀም። ለመሆኑ ዕቃው የተባለለትን ያህል ነው ወይ? ደግሞስ የዚህ ዕቃ ወዳጆች ሁሉ የሚያወሩለት፣ «መጀመሪያ 300 ሰዓት ካልሠራ ድምፁ አይከፈትም» የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይ? ሰባት ወር ሙሉ በደብተር እየመዘገብኩ የደረስኩበትን ነው ዛሬ የማቀርብላችሁ።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልናገር። ፕሪአምፕሊፋየር ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር ቅድመ ማጉያ ማለት ነው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ከሸክላው ላይ የሚለቅመው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው። አምስት ሚሊቮልት ገደማ ቢሆን ነው፤ የአንዲት ባትሪ ድንጋይ ኃይል ለ300 ተካፍሎ አንዷ እጅ እንደ ማለት ነው። ይህች ኃይል እንዲሁ ወደ ትልቁ ማጉያና ወደ ስፒከር ብትገባ የሚሰማ ነገር የለም። ቅድመ ማጉያው ነው ከመቶ እጥፍ በላይ አሳድጎ ለትልቁ የሚያስረክባት።

በዚያ ላይ ሌላ ሥራ አለበት። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ወፍራሙ እንደ ልቡ ቢለቀቅ በሸክላው ላይ ያለው ቦይ እየሰፋ ቦታውን ይጨርሰዋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ካልጎላ በሸክላው ሹክሹክታ ይዋጣል። ምን ያህል እንደሚቀነስና ምን ያህል እንደሚጨመር የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1954 በአንድ ልክ ተስማሙ፤ ሌላውም ዓለም ተከተላቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቅድመ ማጉያው ያንን ልክ ገልብጦ የተቀነሰውን ይመልሳል፣ የተጨመረውን ይቀንሳል። እዚህ ላይ የተሳሳተ ማጉያ የጥላሁንን ድምፅ የጎረምሳ፣ የብዙነሽን ደግሞ የጉንፋናም ሊያስመስለው ይችላል።

አሁን ወደ አምፖሎቹ። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ በአባታችሁ ወይም በጎረቤት ሳሎን የነበረውን፣ ዳንቴል የሚለብሰውን ትልቅ ራዲዮ አስታውሱ። ቁልፉ እንደ ዞረ ወዲያው አይናገርም ነበር። መጀመሪያ መብራቱ ይበራል፣ ቆየት ብሎ ማንጎራጎር ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰውዬው ዜናውን ከመሐል የሚያነበው። ያ ሁሉ መቆየት በውስጡ ያሉት የመስታወት አምፖሎች እስኪሞቁ ነው። አሜሪካኖች ቲዩብ፣ እንግሊዞች ቫልቭ ይሏቸዋል። አየር በተመጠጠበት መስታወት ውስጥ አንድ ብረት ግሎ ኤሌክትሮን ይተፋል፤ ከ200 እስከ 300 ቮልት የተሰጠው ሌላ ብረት ወደ ራሱ ይስበዋል፤ በመሐል እንደ ወንፊት ያለ ስስ ሽቦ አለ። በወንፊቱ ላይ የምትደርሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን ፍሰት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የመስኖ ውሃ በአንዲት እፍኝ ጭቃ እንደሚታገድ ያለ ነው። ፍሌሚንግ የተባለው እንግሊዛዊ በ1904 መንገዱን ጀመረው፤ ወንፊቱን ያስገባበት አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው፣ በ1906። በ1947 ትራንዚስተር ተፈለሰፈና ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት አሥርተ ዓመታት አምፖል ከራዲዮም ከቴሌቪዥንም ወጣ። የጊታር ተጫዋቾችና እንደ እኔ ያሉ ሸክላ ወዳዶች ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁትም።

ሠሪው ሽማግሌ

ማጉያውን የሠሩት አገራችን ሰው ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ አጥብቀው ስላስጠነቀቁኝ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸው 81 ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ በልጅነታቸው ከአንድ ጣልያን ራዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ተምረው፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጥገና ሥራ ኖረዋል። አሁን በቤታቸው ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን፣ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ማጉያ ይሠራሉ። የእኔዋ ከስሯ «17» የሚል ቁጥር በመርፌ ተጭሮባታል።

ስትከፈት ማየት ነው! ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ሁሉ በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የታተመ ነው። የጋሼ ሥራ ግን ሽቦው ከእግር ወደ እግር በእጅ ተጠምዝዞ በካውያ የተበየደ ነው። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ በሥርዓት ተጎንጉነው ይሄዳሉ። የሚሞቁትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ጠበቅ አድርገው ገምደዋቸዋል። ለጌጥ አይደለም፤ የአንደኛው ሽቦ ማንጎራጎር የሌላኛውን እንዲያጠፋው ነው። ከአምፖሎቹ ሁለቱ 12ኤኤክስ7 የሚባሉት ናቸው፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሏቸዋል። እያንዳንዳቸው በአንድ መስታወት ውስጥ ሁለት ማጉያ አላቸው። ሦስተኛው፣ 12ኤዩ7፣ ብዙም አያጎላም፤ ድምፁን ወደ ትልቁ ማጉያ ገፍቶ የሚያስረክብ ነው።

ዕቃውን ሲያስረክቡኝ ስለ 300 ሰዓቱ ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ (63 ዓመቴ ነው)፣ «እናትህ አዲስ ምጣድ ሲገዙ ምን ያደርጉ ነበር?»

«በጎመን ዘር ያሟሹታል፣ ጋሼ።»

«ሳይሟሽ ቢጋገርበትስ?»

«እንጀራው ይጣበቃል።»

«እንግዲህ ይኼም ጥቂት ማሟሸት ይፈልጋል። ግን ምጣድ ሲሟሽ ሰባት ወር ጾምህን ታድራለህ? አታድርም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እንጀራ ይወጣል። ይህንንም እንደዚያው እየው።»

ከዚያም ቀኑንና ሌሊቱን ክፍት እንዳልተወው አስጠነቀቁኝ። ቶሎ ይሟሽልኝ ብሎ ለሳምንታት ሳያጠፋ የሚተው ሰው አለ። እንዲህ ያሉ ትናንሽ አምፖሎች በደህና ከተያዙ ከ5,000 እስከ 10,000 ሰዓት ያገለግላሉ፤ ማንም በማይሰማበት ቤት ውስጥ እነሱን ማንደድ ዕድሜያቸውን መብላት ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ግን ቢያንስ አራት ዓመት፣ ደህና ከሆኑ ዘጠኝ ዓመት ይሄዳሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ያሉኝ ሸክላዎች 31 ናቸው፣ ሁሉም ትናንሾቹ ባለ 45 ዙር። በ1996 እህቴ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣ ይዛልኝ መጣች፤ እስከ ዛሬ ሁለቱ በርበሬ በርበሬ ይሸታሉ። ከመካከላቸው የአምሃ ሬኮርድስ ሥራዎች ይበዛሉ። ወጣቶች አንባብያን ካላችሁ፣ አቶ አምሃ እሸቴ ያንን ድርጅት የመሠረቱት በ1969 ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ ደፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በህንድ አገር አሳትመው አመጡ። በ1975 በደርግ ጊዜ ተሰድደው እዚሁ ዋሽንግተን ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ያረፉት በ2021 ነው። ከእርሳቸው መሰደድ በኋላ ሸክላው ብዙም ሳይቆይ ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። እንግዲህ በእጃችን ያለው ሸክላ ሁሉ በዚያች አጭር ዘመን የታተመ ነው፤ ሌላ አይጨመርበትም።

የመጀመሪያውን ማታ ከሙዚቃው በፊት የመጣው «እምምምም» የሚል ጩኸት ነበር። ወደ ጋሼ ደወልኩ።

«ወፍራም ነው ወይስ እንደ ንብ የሚነዝር?» አሉኝ።

«ወፍራም ነው፣ ጋሼ።»

«ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋው እስቲ... አዎ። ይኼ ከሣጥኑ አይደለም፣ ከውጭ ሽቦ ነው። ከማጫወቻው የሚመጣውን ቀጭኑን የመሬት ሽቦ እየው።»

በስልክ እንዴት አወቁት? ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የመሬት ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ የሚገባው ጩኸት ይኸው 60 ነው፣ ወፍራም። የማጉያው የራሱ የኃይል ክፍል ሲታመም ግን ድምፁ እጥፍ ሆኖ 120 ይመጣል፣ ቀጠን ብሎም ይነዝራል። አገር ቤት ቢሆን መብራቱ 50 ስለሆነ ሁለቱም ዝቅ ይላሉ። እንደ ተባልኩት አየሁ፤ አሮጌ የገዛሁት ማጫወቻ የመሬት ሽቦው ላስቲኩ ሳይቀደድ ከውስጡ ተበጥሷል። የሁለት ዶላር ሽቦ ተተካና ጸጥ አለ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሟሽ ይተዋል» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ጩኸት አይሟሽም! የሚያንጎራጉር ማጉያ ያላችሁ፣ 300 ሰዓት አትጠብቁ፣ ሽቦውን ፈትሹ።

ከሸክላ ሌላ የምፈትንበት አንድ ሲዲ ነበረኝ፤ የዓለሙ አጋ በገና። ኢትዮፒክስ ተብሎ ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ አገር ሲወጣ ከነበረው ተከታታይ 11ኛው ነው። በገና ለመሣሪያ ተንኮለኛ ፈተና ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባችው ትንሽ ቆዳ እያንዳንዱን ድምፅ ታስነዝረዋለች፤ ንዝረቱ የበገናው ራሱ ነው። መጥፎ ማጉያ የራሱን ንዝረት ሲጨምርበት የትኛው የዳዊት፣ የትኛው የመብራት ኃይል እንደሆነ መለየት ያቅታል። ሽቦው ከተተካ በኋላ ግን በአንዱ አውታር ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጸጥታ ንጹሕ ነበር።

ደብተሬ እንደሚለው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ከግራው ስፒከር አልፎ አልፎ «ጠሽ» የሚል ድምፅ ይወጣ ነበር። በ15ኛው ሰዓት ቀነሰ፣ ከ20 በኋላ ጠፋ። ይህ እውነተኛው ማሟሸት ነው፤ ምክንያትም አለው። አዲስ አምፖል ውስጥ ጥቂት የቀረ አየር ይኖራል። በመስታወቱ አናት ላይ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ቅብ ባሪየም የሚባል ብረት ሲሆን ሥራው ያንን አየር መምጠጥ ነው። የሚግለውም ብረት ኤሌክትሮን አተፋፉ የሚረጋው ከጥቂት ሰዓታት ሥራ በኋላ ነው። ትላልቆቹ ኮንደንሰሮችም መደርደሪያ ላይ ብዙ ከተቀመጡ በውስጣቸው ያለው ስስ ሽፋን እንደገና የሚታደሰው ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ነው። (ያ የብር ቅብ አንድ ቀን ነጭ ሆኖ ካገኛችሁት አየር ገብቶበታልና አምፖሉ ሞቷል።) እንግዲህ 20 ሰዓት ገባኝ። የቀረው 280ስ?

ክርክሩና ፈተናው

በዚህ ላይ ቅዳሜ ቡና ላይ ጦፈን ተከራከርን። አንዱ ወዳጄ፣ ራሱ ባለ አምፖል ማጉያ ያለው፣ «በ200ኛው ሰዓት የእኔ እንደ መጋረጃ ተገለጠ» ይላል። ሌላው፣ ኢንጂነር ነው፣ «የተገለጠው ያንተ መጋረጃ ነው» ይለዋል። እኔ ከማንም ጋር አልወገንኩም፤ መንገዱን ቀድሜ አዘጋጅቼ ነበርና። በ1ኛው፣ በ20ኛው፣ በ100ኛውና በ300ኛው ሰዓት አንድ የብዙነሽ በቀለን ሸክላ አጫውቼ፣ ከማጉያው የሚወጣውን በትንሽ ዲጂታል መቅጃ ቀድቼዋለሁ። ሸክላው ያው፣ መርፌው ያው፣ የቁልፉ ልክ ያው።

ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ዳኛ ሆነች። «አባዬ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር» አለችኝና ቅጂዎቹን እያቀያየረች አሰማችን። 1ኛው ሰዓት ሁላችንም ለየነው፤ ያ «ጠሽ» ያጋልጠዋል። የ20ውን፣ የ100ውንና የ300ውን ግን 24 ጊዜ ብትጠይቀኝ የመታሁት 9 ጊዜ ነው። ጆሮውን ጥጥ የወተፈ ሰው በግምት ቢጠራ 8 ይመታል። ባለ መጋረጃው ወዳጄ 7 መታ። «መቅጃው አይችለውም፣ ነፍሱን አይዝም» ብሎ ተቆጣ። ይህን ለማለት መብቱ ነው፤ እኔ ግን ልጄን አምናለሁ።

ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። በደብተሬ በ140ኛው ሰዓት ላይ «ዛሬ የባስ ጊታሩ ከትሮምቦኑ ተለይቶ ለብቻው ተሰማኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። እውነትም በዚያ ማታ ተሰምቶኝ ነበር። የ20ኛውን ሰዓት ቅጂ መልሼ ሳዳምጠው የባስ ጊታሩ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ አንድም ነገር አልጎደለውም። መሣሪያው መጀመሪያ ጀምሮ እየሰጠኝ ነበር፤ ጆሮዬ ነው ያልደረሰበት። ለሠላሳ ዓመት ያንኑ ዘፈን የሰማሁት ከካሴት በተቀዳ ካሴት፣ በታክሲ ራዲዮ፣ ከሞተር ጩኸት ጋር ነው። እንዲህ የኖረ ጆሮ በጸጥታ ቤት፣ ሳይነዳና ስልክ ሳይመልስ ቁጭ ብሎ ማዳመጥን እንደገና መልመድ አለበት። ይህ ማሟሸት ሰዓት ይፈልጋል፣ አልክድም። እንዲያውም የጆሮዬን ነገር ካነሳሁ፣ ልጄ በፈተነችኝ ጊዜ ከ12,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አልሰማሁም፤ እርሷ 17,000 ትሰማለች። ስለዚህ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለ «አየር የመሰለ ቀጭን ድምፅ» ሲያወራችሁ ዕድሜውን ጠይቁት።

ሁለተኛው ፈተና ስለ አሮጌ አምፖሎች ነበር። የአምፖል ገበያ ውስጥ ያለው ጉድ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በጀርመን ቴሌፉንከን፣ በእንግሊዝ ሙላርድ የተሠሩ፣ ሳይነኩ የተቀመጡ አምፖሎች ዛሬ እንደ ወርቅ ይሸጣሉ። አስመስሎ መሥራትም በዝቷል፤ አሮጌ ስም በአዲስ መስታወት ላይ ታትሞ ይመጣል። አዲሶቹ የሚሠሩት በዋናነት በሩሲያ ሳራቶቭ ከተማ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው። በ2022 በጦርነቱ ሳቢያ ሩሲያ ወደ ውጭ እንዳይላክ ለጊዜው ስትከለክል የሁሉም ዋጋ ናረ፤ ኪየቭ ላይ የተተኮሰው ጥይት ቨርጂኒያ ያለውን የሸክላ ማጉያ ነካው። ጋሼ ከመሳቢያቸው ጥንድ የጀርመን አምፖል አዋሱኝ። «ብትሸጠው 200 ዶላር ያወጣል፣ ብትሰብረው ግን ዋጋ የለውም» አሉኝ። የእኔዎቹ የስሎቫኪያ ናቸው፣ ጥንዱ 50 ዶላር አይሞላም። በሦስት እሑድ፣ ልጄ አንዳንዴ እየቀየረች፣ አንዳንዴም የቀየረች አስመስላ ያንኑ መልሳ እየሰካች፣ አሥር ጊዜ ፈተነችኝ። ስድስት መታሁ። ሳንቲም ብወረውርም ከዚህ ብዙ አልርቅም። አምፖሎቹን በክብር መለስኩ።

በጭፍን አሥር ጊዜ ተፈትኜ አሥሩንም የመታሁት ምን ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ? ጋሼ ከፊት ለፊት ያስገቧት፣ «ሞኖ» ተብሎ በእጅ የተጻፈባት ትንሽ ማብሪያ ላይ ነው። ከያዝኳቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ ሙዚቃው የተጻፈው በቦዩ ግራና ቀኝ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። የዛሬ መርፌ ግን ለስቴሪዮ የተሠራ ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘለውንም ያነባል። በሞኖ ሸክላ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘለው አቧራና ጭረት ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ማብሪያዋ ሁለቱን በኩል ስታዋህድ ያ ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስትበራ ዝናብ የሚዘንብበት ቆርቆሮ ጣሪያ ድንገት ወደ ካፊያ እንደሚወርድ ነው። ዋጋዋን ጠየቅኳቸው። አራት ዶላር!

ስለዚህ ለወዳጆቼ የምለው ይህ ነው። ገንዘባችሁን ለአሮጌ አምፖል ስም አታውሉት። ሸክላችሁን በተጣራ ውሃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ወረቀቱን ሳታረጥቡ፣ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ቦዩ አቅጣጫ እጠቡ። መርፌውን በጊዜው ለውጡ፣ ያለቀ መርፌ ሸክላ ያርሳልና። ሞኖ ማብሪያ የሌለው ማጉያ ቢኖራችሁ አስገቡበት። ይህን ሳታደርጉ የጀርመን አምፖል የምትገዙ ከሆነ ያው ጎመን ዘሩን ለጎረቤት ምጣድ እንደ መስጠት ነው። የ950ው ዶላር ነገርስ? በዚህ ዋጋ ከፋብሪካ የወጣ፣ አምፖል የሌለው፣ እንዲያውም በመለኪያ ቢታይ ከእኔው ያነሰ ሹክሹክታ ያለው ማጉያ ይገኛል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እኔ የገዛሁት ግን ሲበላሽ ደውዬ «እምምም ይላል» ብል የሚገባው ሰው የሠራውን ነው።

ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ግን አላልፍም። የአምፖል ማጉያ ክዳን ውስጥ እስከ 300 ቮልት አለ። ከመብራት ተነቅሎም ቢሆን ኮንደንሰሮቹ ያንን ኃይል ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ይቆያሉ፤ ማሽኑ ጠፍቷል ብሎ እጁን የሚያስገባ ሰው ሊሞት ይችላል። የማያውቅ አይክፈት። አምፖል የምትቀይሩም ብትሆኑ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ስታበሩ ቅድመ ማጉያውን አስቀድሙ፣ ትልቁን ማጉያ ከደቂቃ በኋላ አስከትሉ፤ ስታጠፉ ትልቁ ይቅደም። አለዚያ በየጊዜው «ድም!» የሚለው ምት ስፒከራችሁን ይጎዳል።

ደብተሬ አሁን 640 ሰዓት ላይ ደርሷል። በ610ኛው ገደማ ከአምፖሎቹ አንዱ በእርሳስ ጫፍ ነካ ሲደረግ በስፒከሩ «ትንን» ማለት ጀምሯል፤ ውስጡ ያለው ብረት ትንሽ ላልቷል ማለት ነው። ለጊዜው አይጎዳም፤ ሲብስ ይቀየራል።

የሚያሳስበኝ እርሱ አይደለም። ጋሼ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለፈው ክረምት ቁጥር 23ን ሠርተው ሲጨርሱ «ከእንግዲህ ትናንሾቹን ብየዳ ዓይኔም እጄም እምቢ አለኝ» አሉ። በእሳቸው እጅ የተሠሩት 23 ሣጥኖች ከቨርጂኒያ እስከ ሚኒሶታ በየሰው ሳሎን ተበትነዋል፤ ንድፉ በወረቀት የለም፣ ያለው ራሳቸው ውስጥ ነው። ነገሩን በእራት ላይ ሳወራ የሰማችው ያቺው ዳኛችን፣ የትምህርቷ ዓይነት ከዚህ ጋር ምንም ሳይገናኝ፣ «አባዬ፣ እኔ ብጠይቃቸው ይቆጣሉ?» አለችኝ። አልተቆጡም። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ ምድር ቤት ትወርዳለች። ጋሼ ይናገራሉ፣ እርሷ ንድፉን ሽቦ በሽቦ ደብተር ላይ ትስላለች። አማርኛዋ «ካውያ» እና «ኮንደንሰር» የሚሉትን ቃላት ከእርሳቸው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ፤ እርሳቸውም ከእርሷ የስልክ ፎቶ መላክን ተማሩ። የቁጥር 24ን ሣጥን ከፍተው የመጀመሪያዋን ብየዳ እንድትበይድ ሰጧት። አዩዋት፣ በመነጽራቸው አዩዋት፣ ከዚያም «ቆንጆ ናት፤ ፍቺና እንደገና» አሏት። እስካሁን አራት ጊዜ አስፈትተዋታል።